ጆሮን የሚያደክመው ዕድሜ ብቻ ነው?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ከነገሥታቱና ከጦርነቱ ወጣ እንበልና ስለ ጆሮ ታሪክ እንጫወት።

"ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው" እንላለን አንድ ትልቅ ሰው መስማት ሲያቅተው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም።

ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣም ቀጭን ድምፅ የምታወጣ ፊሽካ ሠራ። ከከዘራው ጋር ገጥሟት የለንደን መካነ እንስሳት ውስጥ እየዞረ የእንስሳቱን ጆሮ ይፈትን ነበር። ሰዎችንም ሞከረ። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ቀጭኑን ድምፅ የመስማት አቅም በጣም እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። የሚገርመው ደግሞ ሰዎቹ መቀነሱን ራሳቸው አለማወቃቸው ነው!

ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል፣ ድምፅ የሚቀበሉ ወደ 15,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ሴሎች አሉ። አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት መግቢያው ላይ ናቸውና ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እንደ "ሰ" እና "ፈ" ያሉ ድምፆች ይጠፋሉ። እናቴም "ድምፅህን እሰማለሁ፣ የምትለው ነው የማይገባኝ" የምትለኝ ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው እኩል ይደክማል? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሳሙኤል ሮዘን የተባለ የኒውዮርክ የጆሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ማባን ሕዝብ ሄደ። አገራቸው ያኔ ሱዳን፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ነው፤ ከእኛ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብዙም አይርቅም። ፋብሪካ የለ፣ መኪና የለ፣ ጠመንጃ የለ፤ ከበሮ እንኳ አይመቱም ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመረመሩ አሜሪካ ካሉት እኩዮቻቸው እጅግ የተሻለ ይሰማሉ!

እርግጥ የሽማግሌዎቹ ዕድሜ በግምት ነበር። አመጋገባቸውና ዝቅተኛው የደም ግፊታቸውም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የታሪክ መምህር ነኝና በአንድ ጥናት ብቻ አልምልም። ጩኸት እነዚያን ሴሎች እንደሚገድል ግን ዛሬ አያከራክርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ብናዳምጥ ችግር የለውም፤ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ልዩነቷ 10 ብቻ ናት፣ ሰዓቱ ግን የት ወረደ!

እንግዲህ ልጆች፣ ኢርፎኑን ቀነስ አድርጉት። ዛሬ የገደላችሁት ሴል በስድሳ ዓመታችሁ ይጠይቃችኋል።

ቤት ያሉትን አባትና እናት ደግሞ አትጩኹባቸው። ጩኸት የጠፋችውን "ሰ" አይመልስም። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። "ተወው፣ ምንም አይደል" ብላችሁ ወሬውን አታቋርጡባቸው። እንዲህ ሲደጋገም መጠየቁን ይተዉታል፤ ከዚያ በኋላ ቤታቸው ተቀምጠው እንግዳ ይሆናሉ።

ቸር ያሰማን።