የዊንዶውስ ሰርቨር የሜሞሪ ቆጣሪዎች አመጣጥና የስማቸው ነገር

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ሜሞሪውን እንዴት እንደሚጠቀም የሚገልጹት ቆጣሪዎች ከየት እንደ መጡና አንዳንዶቹ ስማቸው ከሚያስገምተው የተለየ ነገር የሚቆጥሩት ስለ ምን እንደ ሆነ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከማንቸስተር ነው። በ1962 በዚያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር፣ ፈጣኑ ሜሞሪው 16 ሺህ ቃል ያህል ብቻ ሲይዝ፣ ዘገምተኛው የማግኔት ከበሮ ግን 96 ሺህ ያህል ይይዝ ነበር። ቶም ኪልበርንና ጓደኞቹ ሁለቱን እንደ አንድ ጎተራ ቆጥረው 512 ቃል በሚይዙ ገጾች ከፈሏቸው፤ ፕሮግራሙ የፈለገው ገጽ ከፈጣኑ ሜሞሪ ሲታጣ መኪናው ራሱ ከከበሮው ያመጣለታል። ዘዴው ግሩም ነው። ሆኖም በዚህ ዓይነት መኪናዎች ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ባንድነት ሲሠሩ፣ መኪናው ገጽ በማመላለስ ብቻ ተጠምዶ ዋናው ሥራ የሚቆምበት ጊዜ እንዳለ ታየ። ፒተር ዴኒንግ በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮግራሙ በቅርብ ጊዜ ውስጥ የነካቸውን ገጾች «ዎርኪንግ ሴት» ብሎ ሰየማቸው፤ ይህ ስብስብ በሜሞሪ ውስጥ ካልተሟላም ፕሮግራሙ ሥራውን መቀጠል እንደሌለበት አስረዳ።

በዲጂታል ኩባንያ ቪ.ኤም.ኤስ.ን ከሠሩት አንዱ የነበረው ዴቭ ከትለር በ1988 ወደ ማይክሮሶፍት ተሻግሮ የዊንዶውስ ኤን.ቲ.ን ሥራ መራ። ኤን.ቲ. በ1993 ሲወጣ ፐርፎርማንስ ሞኒተር የተባለው መከታተያ አብሮት ነበረ። የዴኒንግም ቃል በዚያው ገባ፤ ትርጓሜው ግን ተለወጠ። በዊንዶውስ ዎርኪንግ ሴት ማለት ለፕሮግራሙ ተይዘው በሜሞሪ ውስጥ የሚገኙት ገጾች ናቸው እንጂ በቅርቡ የተነኩት ብቻ አይደሉም። ከተነካ ብዙ ሰዓት ያለፈው ገጽ እንኳ፣ ሜሞሪ እስኪያጥር ድረስ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ደግሞም ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ገጾች በየፕሮግራሙ ስለሚቆጠሩ፣ የሁሉም ዎርኪንግ ሴት ቢደመር ውጤቱ ከእውነተኛው ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው «ፔጅስ ፐር ሰከንድ» የተባለው ቆጣሪ ይመስለናል። የሚቆጥረው የታጡትን ገጾች ለማሟላት በየሰከንዱ ከዲስክ የሚነበቡትንና ወደ ዲስክ የሚጻፉትን ነው። ቁጥሩ ከ20 ካለፈ ሜሞሪ አንሷል የሚል ደንብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ነገር ግን ገጽ ከዲስክ የሚመጣው ሜሞሪ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ፋይል በመሸጎጫው በኩል ሲነበብም እዚሁ ይቆጠራል። ትልቅ ፋይል በሚቀዳበት ሰዓት ሰፊ ሜሞሪ ባለው ሰርቨር ላይ ቁጥሩ ወደ ሺህ ቢወጣ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። በዚህ ቁጥር ብቻ ተመርቶ ሜሞሪ የሚያስገዛ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በከንቱ ሊያወጣ ይችላል።

ስለዚህ «አቬይለብል ሜጋባይትስ» አብሮ መታየት አለበት፤ ይህ ቆጣሪ ባዶውን ብቻ ሳይሆን፣ የቆየ መረጃ ይዞ በተጠባባቂነት የተቀመጠውንም ሜሞሪ ይጨምራል። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ሰርቨሩ ለፕሮግራሞች ቃል የገባው ሜሞሪ በ«ኮሚትድ ባይትስ» ይቆጠራል፤ ጣሪያው በግምት የሜሞሪውና በዲስክ ላይ ያለው የገጽ ፋይል ድምር ነው። ፕሮግራሞች ብዙ አስይዘው ጥቂት ብቻ ቢነኩ፣ ጊጋባይቶች ነጻ ሆነው እየታዩ ጣሪያው ሊሞላና አዲስ የሚጠይቅ ፕሮግራም ሊከለከል ይችላል።