ደጅ ጥናት መዝገብ የለውም

«ሎቢ» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዋሽንግተን ነው፤ ክራባት፣ የቆዳ ቦርሳ፣ ውድ ምሳ። ቃሉ ሲፈታ ግን መተላለፊያ፣ ኮሪደር ማለት ነው፤ የምክር ቤት አባላት የሚያልፉበት፣ ጉዳይ ያለው ሰው ቆሞ የሚጠብቃቸው ቦታ። እኛ ኮሪደሩ ባይኖረን ደጅ ነበረን። ነገሩንም ደጅ ጥናት ብለን ከጠራነው ዘመናት አልፈዋል። ልዩነቱ፣ እነሱ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን ሰው ስም መመዝገብ ከጀመሩ ሰነባብተዋል፤ እኛ ዘንድ የደጅ ጠኚው ስም የትም አይጻፍም። ይህ ምን እንዳስከተለ ለማየት እስኪ ወደ ጎጃም እንሂድ።

በንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሆነ በልጃቸው በራስ ኃይሉ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ዘው ብሎ ግቢ አይገባም። አጋፋሪ አለ፤ ከአጋፋሪው ወዲያ እልፍኝ አስከልካይ አለ። ባለጉዳይ እጅ መንሻውን ይዞ፣ አማላጅ ፈልጎ፣ ስንቁ እስኪያልቅ ይቆማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው አገር ነውና እጅ መንሻው እንደ ነውር አይታይም። ለነገሩ ያ ሥርዓት አንድ ደግ ጎን ነበረው፤ ደጁ አደባባይ ላይ ነው። ማን እንደቆመ፣ በማን አማላጅነት እንደመጣ፣ በግ ይሁን ማር ምን እንደያዘ አላፊ አግዳሚው ያያል። የማይታየው እልፍኝ ውስጥ የሚንሾካሾከው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጁ ጠፍቶ ሹክሹክታው ብቻ የቀረ ይመስለናል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ክፉ አዋጅ አልነበረም፤ ግብሩ በገቢ ልክ ይሁን ነው የሚለው። የጎጃም ገበሬ ግን ሌላ ነገር አነበበበት፤ ገቢ ለመገመት መሬት ይለካል፣ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስት ይሄዳል። አዋጁን ማን መክሮ፣ ለማን ጥቅም እንዳመጣው የሚነግረው ሰው አልነበረም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም የሚታመኑ አልሆኑም። ገበሬው በአገሩ ሰሚ ሲያጣ መልእክተኞቹን አዲስ አበባ ላከ፤ ደጅ ጠና ማለት ነው። ነገሩ በሽምግልና አልበረደም፤ ሞጣና ዳሞት አመፁ፣ መንግሥትም አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ ጃንሆይም ጎጃም ሄደው የቆየውን ውዝፍ ግብር ማሩ። ግብሩም ቀረ። የሚያሳዝነን ግን ይኼ ነው፤ ገዥው ከጎጃም ተነሥተው ከፋን እንዲገዙ ተሾሙ፤ በ1966ቱ አብዮት ዋዜማ የጅማ ሕዝብም ይነሡልን ብሎ ወጣባቸው። ጎጃሜው ያቀረበው ክስ፣ የተሰጠው መልስ፣ በመካከል ያማለደው ሰው፣ ሁሉም ግቢ ውስጥ ቀርቶ ጅማ አልደረሰም። የሚደርስበትም መንገድ አልነበረም።

ወደ 1989 ዓ.ም. እንለፍ። የአማራ ክልል ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 16/1989 የገጠር መሬትን እንደገና አደላደለ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሥልጣን የነበራቸውና «ቢሮክራት» የተባሉት ገበሬዎች ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። መሬት ያልነበራቸው ብዙ ወጣቶችና ሴቶች በዚህ ድልድል መሬት አግኝተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን አስቡት፤ በአንድ ስያሜ አንድ ሰው ማሳውን ያጣል፣ ስያሜውን የሚሰጠው ደግሞ ጎረቤቶቹ የተቀመጡበት የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ከዝርዝሩ ለመውጣት ወይም ባላንጣን ለማስገባት ማን ማንን እንዳነጋገረ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ከጎጃም ብዙ ገበሬዎች እንደ አባቶቻቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ።

ይህ በሆነ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ያው ክልል ተቃራኒውን አሳየን። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር፣ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ጎዛምን ውስጥ ነበር። ገበሬው የይዞታ ደብተር ያዘ፤ ደብተሩ ላይ ማሳው በማን እንደሚዋሰን ጭምር ተጻፈ። ምዝገባው ጎረቤት እያየ፣ ቅሬታ ያለው እየተናገረ የሚሠራ ነበር። ማሳን በአደባባይ መመዝገብ የቻለ ቀበሌ፣ ደጅ ጠኚን መመዝገብ የሚያቅተው በምን ምክንያት ነው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጡ ሮብ ገበያን ያገኟታል፤ የስናን ወረዳ መቀመጫ፣ የገብስና የድንች አገር። ስሟ እንደሚነግረን የሮብ ገበያተኛ የፈጠራት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ትልቁ ጉዳይ ዛሬም መሬት ነው። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬት የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ጨረታው ማስታወቂያ አለው፣ ዋጋ አለው፣ አሸናፊ አለው። ምደባው የካቢኔ ውሳኔ ነው፤ ሹክሹክታው የሚኖረውም እዚያ ጋ ነው። እኛ የከተማ ልጆች «ሰው አለህ?» የምንለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሕግ የለንም እንዳንል ሞልቶናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ 590/2000 ዜጋ መረጃ ሲጠይቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዝዛል (አንዳንዶቻችን ጋዜጠኝነት ስንማር ለፈተና ሸምድደነዋል፤ ከፈተናው በኋላ ማን አስታውሶት!)። አዋጅ 668/2002 የሹሙን ሀብት ይመዘግባል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ተሰሚነቱን የሚሸጥን ሰው ይቀጣል። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ 1113 ደግሞ ማኅበራት ሕግ እንዲሻሻል እንዲወተውቱ ፈቅዷል፤ ቀድሞ በ621/2001 ሥር ከውጭ ብር ለሚያገኙት የተከለከለ ነበር። የሹሙ ቤት ይመዘገባል፤ ቤቱን ያንኳኳው ግን አይመዘገብም።

የሚያስቀው፣ የኛው መንግሥት ራሱ በሰው አገር ተመዝግቦ ደጅ ጠንቷል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአሜሪካ ምክር ቤት ኤች አር 2003 የተባለውን ስለ ኢትዮጵያ የወጣ ረቂቅ ሲያይ፣ መንግሥታችን ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ ይከራከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ሕግ ስላላቸው ውሉና ክፍያው እዚያው አገር ፍትሕ ሚኒስቴር ገብቷል፤ ማንም ያነበዋል። የስናን ገበሬ መንግሥቱ ዋሽንግተን ውስጥ ለደጅ ጥናት ስንት እንደከፈለ ማወቅ ይችላል፤ ወረዳው ውስጥ ማን ማንን ደጅ እንደጠና ግን አይችልም።

ለወረዳ ይበልጥ የሚቀርበን የአየርላንድ ነው። ዳብሊን ዙሪያ የእርሻ መሬት ወደ ቤት መሥሪያነት ይዙር እያለ ለአካባቢ ምክር ቤት አባላት ጉቦ የሰጠው ፍራንክ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ታሰረ። በ2015 በወጣው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤት አባላትን ስለ መሬት የሚያነጋግር በዓመት ሦስት ጊዜ ማንን፣ ስለ ምን እንዳነጋገረ በይፋ ያስመዘግባል። ስለ ገዛ መኖሪያ ቤቱ የሚጠይቅ ሰው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ይህች መውጫ ለኛ አስፈላጊ ናት፤ ያለበለዚያ መዝገቡ ስለ ማዳበሪያ ሊጠይቅ የመጣውን ገበሬ ማባረሪያ ሌላ አጋፋሪ ይሆናል።

ከ2015 ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በጦርነት ሲታመስ ስለ መዝገብ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉን ወዳጆች አሉ። እውነት አላቸው፤ ቢሮው በሰላም ሳይከፈት መዝገብ አይከፈትም። ሆኖም ቢሮ እንደገና በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው የመሬት ጉዳይ ነው፤ መዝገቡም ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ደብተር፣ አራት ዓምድ፤ ማን መጣ፣ በማን ስም፣ ስለየትኛው ቦታ፣ ማን አነጋገረው። በየገበያው ቀን ማታ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።