ድምፅ የማያሰማ ሱሪ፦ ከጣና ጉማሬ አዳኞች እስከ ጎጃም ቁምጣ

የውጭ አገር የአደን ዕቃ ሻጮች ለአንድ ሱሪ 200 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲጠይቁ የሚያቀርቡት ምክንያት ሦስት ነው። ልክ ይሆናል፣ አየር ያስገባል፣ ሲሄዱበት አይንኮሻኮሽም። የሚገርመው ዋጋው አይደለም። ሦስቱም ጥያቄዎች ጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ የተጠየቁ፣ መልስም ያገኙ መሆናቸው ነው። መልሱን ያገኙት ሰዎች ግን አልተከበሩበትም። ወይጦው ጉማሬ ይበላል ተብሎ ተገፋ፤ የጎጃም ገበሬ ደግሞ በቁምጣው ተሳቀበት።

ከወይጦ እንጀምር። ወይጦዎች በጣና ዙሪያና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የኖሩ፣ ኑሯቸው ከውኃው ጋር የተያያዘ ማኅበረሰብ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። በጉማሬ አደን የታወቁ ነበሩ፤ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ተጠግተው በጦር ይወጉታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ጣናን ዞሮ ካርታ ሲያነሳ ስለ እነሱም ጽፏል፤ መጽሐፉ በ1936 ታተመ።

የዚህን አደን ክብደት ለመረዳት ጉማሬን ማወቅ ይበቃል። አንድ ትልቅ ጉማሬ ከ1,500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ራሱን በከፊል ከውኃ ብቅ አድርጎ ሲቀመጥ በአየር የሚመጣውንም፣ በውኃ ውስጥ የሚተላለፈውንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ታንኳ ላይ ያለው ሰው ያለው መከላከያ ዝምታ ብቻ ነው። ደንገል ለስላሳ ነው፤ መቅዘፊያ ሲነካው እንደ እንጨት ጀልባ አይንኳኳም። ልብስም እንዲሁ መቀነስ አለበት። እርጥብ ጨርቅ እግር ላይ ይለጠፋል፣ ሲላቀቅ ይጮኻል፣ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ታንኳው ከተገለበጠም ዋናተኛውን ወደ ታች ይጎትታል። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ዛሬም ቢሆን ከጉልበቱ በታች ጨርቅ አያበዛም።

ክርስቲያኑ የጉማሬን ሥጋ እንደ ርኩስ ስለሚቆጥር ከወይጦ ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር። ወይጦዎች ራሳቸውን ሙስሊም ቢሉም ሌላው ሙስሊም በዚሁ ምክንያት ሲሸሻቸው ኖሯል። ይሁን እንጂ ከዚያው እንስሳ ቆዳ የተሠራውን አለንጋ የሚጸየፍ አልነበረም። እንዲያውም «ጉማሬ» የሚለው ቃል የአለንጋው ስም እስከመሆን ደርሷል። ሥጋው ርኩስ፣ ጅራፉ ግን ንጹሕ መሆኑ ነው!

በየብስ ወዳለው አዳኝ ስንመጣ ጉዳዩ ወደ ጥጥ ይዞራል። በእጅ የተፈተለና የተሸመነ የሸማኔ ጥጥ ልል ነው፤ አየር ያስገባል፣ ሲተሻሽም አይጮኽም። እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1846 በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው አዳኝ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይዞት የመጣውን ልብስ ትቶ ያገር ልብስ ለበሰ፤ ጫማውንም ጥሎ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። ብዙ የአውሮፓ ተጓዦች ይህን እንደ እብደት አይተውት ይሆናል። ድኩላን ወይም ሚዳቋን በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ተከትሎ የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል። የሸማኔው ጥጥ ትልቁ ጉድለት ቀለሙ ነው። ነጭ ልብስ ለጥምቀት ያምራል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ ለመጠበቅ ግን አይመችም።

የቀለሙ መፍትሔ የመጣው ከጠላት ጋር ነው። «ካኪ» የኡርዱ ቃል ሲሆን የአቧራ ቀለም ያለው ማለት ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ በፔሻዋር በኩል የተቋቋመ የእንግሊዝ የሕንድ ጦር ክፍል ለበሰው። ከዚያም በ1868፣ በኛ 1860 ዓ.ም፣ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ የዘመተበት ጦርነት ካኪ በይፋ የተለበሰበት የመጀመሪያው የባሕር ማዶ ዘመቻ ተብሎ ይጠቀሳል። ስለ ካኪ ታሪክ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች መቅደላን በአንድ መስመር ያልፏታል። ለእኛ ግን ያች አንድ መስመር ሰፊ ናት፤ ዓለም ዛሬ የአደንና የወታደር ቀለም አድርጎ የሚያየው ልብስ ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ የወሎ ተራራ ነው።

ልክ መሆንን በተመለከተ ደግሞ «ተፈሪ ሱሪ» የምንለውን ማየት ይበቃል። ከዳሌ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ጥብቅ ያለው ይህ ስፌት ከሕንዷ ጆድፑር የመጣ ነው። የዚያች አገር መስፍን ፕራታፕ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ ለንደን ሲሄድ እንግሊዞች አይተው ወደዱት። እኛ ዘንድ ሲደርስ የራስ ተፈሪን ስም ያዘ። የስፌቱ ምሥጢር ቀላል ነው፦ የሚለጠጥ ክር ባልነበረበት ዘመን ለእግር መንቀሳቀሻ የሚሆነው ቦታ በመቀስ መፈጠር ነበረበት። ዳሌው ላይ የተረፈው ጨርቅ ፈረስ ላይ ለመውጣት፣ ባቱ ላይ የጠበበው ደግሞ እሾህ እንዳይዘውና ጨርቅ ከጨርቅ እንዳይጋጭ ነው። ጥሩ ሱሪ በመጀመሪያ የመቀስ ሥራ ነው፤ ጨርቁ ሁለተኛ ነው።

ሌላው ጠላት ያስከተለው ነገር በባሕር ዳር ቆሞ ይታያል። ኢትዮጵያና ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1956 በተስማሙበት የጦር ካሣ ገንዘብ ቆቃ ግድብ ተሠራ፣ በ1961 ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ሲቋቋም ጨርቃ ጨርቅ ከትምህርቶቹ አንዱ ሆነ፤ በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፖሊቴክኒኩ የዘራው ትምህርት ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ራሱን የቻለ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ሆኗል። ባጭሩ ከተማዋ ክሩም፣ መብራቱም፣ ባለሙያውም በእጇ ነበር።

ገጠሩ ግን ፋብሪካ አልጠበቀም። የጎጃም ቁምጣ፣ በተለይ አረንጓዴውና ካኪው፣ በገበያ በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና የሚሰፋ ነው። ጠንካራ ጥጥ፣ ድርብ ስፌት፣ ጉልበት አካባቢ የሚያልቅ። ከጉልበት በታች ጨርቅ ስለሌለ የሚተሻሽ ነገር የለም። የጠዋት ጤዛ ሣር ላይ ረጅም ሱሪን በሩብ ሰዓት ውስጥ ሲያርሰውና ሲያከብደው ቁምጣ የለበሰው ሰው እግሩን ጠርጎ ይሄዳል። የክረምት ጭቃም እንዲሁ። ቁምጣ የድህነት ምልክት ነው የሚለው አስተያየት ከተማ የወለደው ነው፤ አሁን የባህል ቡድኖች መድረክ ላይ ለብሰውት ሲጨፍሩ የሚያጨበጭበው ደግሞ ያው ከተማ ነው።

እርግጥ ቁምጣ ለሁሉ አይሆንም። ሲመሽ ጣና ዳር የወባ ትንኝ አለ። ሐይቁ ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ መኖሩም የታወቀ ነው፤ ውኃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ረጅሙ ሱሪም ቢሆን ብዙ አያድነውም። ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ጥጥ ውኃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ በብርድ ላይ እርጥብ ጥጥ አደገኛ ነው። ለዚያ የሚሻለው ሱፍ ነው። የኦስትሪያ ተራራ አዳኞች ሎደን የሚሉትን ወፍራም ሱፍ የሚወዱት ስለሚሞቅ ብቻ ሳይሆን ድምፅ ስለሌለው ነው። የእኛው ባናም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ለሱሪ ግን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 ገበያ የገባው ጎርቴክስ ውኃ ከልክሎ ላብ ያሳልፋል፣ ነገር ግን ከድርቀቱ የተነሳ ይንኮሻኮሻል። ዝናብ የሚከለክልና ፍጹም ዝም የሚል ጨርቅ በአንድ ላይ ማግኘት እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ነው።

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ወይም ሰልባጅ መደርደሪያ ላይ ሱሪ የሚመርጥ ሰው ዶላር አያስፈልገውም። ጨርቁን አጥፎ ጆሮው ሥር ይሸው፤ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ካወጣ ናይለን ነው፣ ይተወው። አፉ ላይ አድርጎ ይተንፍስበት፤ ትንፋሹ በሌላ በኩል ካልወጣ ላቡም አይወጣም። ለብሶ ቁጢጥ ይበል፤ ጉልበቱ ላይ ከጎተተው ወይም ወገቡ ከኋላ ከወረደ ልክ አይደለም። በሁለቱ እግሮች መገናኛ ላይ ባለአራት ማዕዘን ትርፍ ቁራጭ የገባበት ሱሪ ከተገኘ ሰፊው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ኪሱ በሚጣበቅ መዝጊያ የሚዘጋ ከሆነ በቁልፍ ያስለውጠው፤ ያ መዝጊያ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ቆቅ ቀርቶ ላምም ያስደነብራል።

አደኑ ራሱ አሁን ሌላ መልክ ይዟል። በሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው፤ ጣናም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። ስለዚህ ዛሬ ድምፅ የማያሰማ ሱሪ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሕገ ወጥ አዳኝን ተከትሎ ሌሊት ለሚሄደው የፓርክ ጠባቂ ነው። የወይጦ ልጆች ደግሞ ጦሩን ትተው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ደንገል እያጨዱ ታንኳ ይሠራሉ፤ ደንገሉ ያለበት ዳርቻ ግን በየዓመቱ በእርሻና በግንባታ እየጠበበ ነው።