አውሮፕላን ስንት ኩንታል ይችላል?

ውድ እህቶች፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መቀሌ ባንክና ስልክ ተቋርጦባት፣ የእርዳታ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ መክረሙን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዛሬ የማነሳው በዚያ ጊዜ ስለመጡት አውሮፕላኖች ነው።

ያኔ የአውሮፕላን ድምፅ ያስፈራም፣ ተስፋም ይሰጥ ነበር። ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. የእርዳታ ሠራተኞችን የጫነ የተባበሩት መንግሥታት አውሮፕላን ከተማዋ በአየር ስለተደበደበች ሳያርፍ ተመለሰ። ጥር 18 ቀን ግን የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አውሮፕላን መድኃኒት ይዞ አረፈ። ኮሚቴው ከወራት በኋላ ያስገባው የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር። የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት አለቀብን እያሉ በይፋ ይናገሩ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ካርቶን የሰው ነፍስ ነበረ።

«እህሉንስ ለምን በአውሮፕላን አላመጡልንም? በርሊን ላይ ተችሎ የለም ወይ?» የምትል እህት አትጠፋም። ጥያቄዋ ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1948 ሶቪየት ኅብረት ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን የመኪና፣ የባቡርና የውኃ መንገድ ዘጋች። አሜሪካና እንግሊዝ 2 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ምግብና ከሰል በአየር ማመላለስ ጀመሩ። መንገዱ በግንቦት 1949 ተከፈተ፤ በረራው ግን እስከ መስከረም ቀጠለ። በጠቅላላው ወደ 2.3 ሚሊዮን ቶን ተጓጓዘ። ቴገል የተባለው አውሮፕላን ማረፊያ በሦስት ወር ውስጥ ሲሠራ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የከተማዋ ሴቶች ነበሩ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ። የበርሊን ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በአንድ ጉዞ 100 ኩንታል ያህል ይጭኑ ነበር። ተሳቢ ያለው የእኛ አገር ከባድ መኪና እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። ስለዚህ አንድ መኪና አራት አውሮፕላን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለመላው ትግራይ በቀን 100 መኪና ያስፈልጋል ይል ነበር። ይህን በአየር ለማድረስ በየቀኑ 400 በረራ ሊያስፈልግ ነው። በርሊን ላይ ይህ የሆነው የሁለት ኃያላን መንግሥታት አየር ኃይል ሌሊትና ቀን ስለሠራ፣ የአየር መስመሩም አስቀድሞ በስምምነት የተፈቀደ ስለነበር ነው። ወደ መቀሌ ግን በረራው ሁሉ በፈቃድ ነበር።

ስለዚህ አውሮፕላን ቀላሉንና አስቸኳዩን፣ ኢንሱሊንና ክትባት ያደርሳል፤ ጤፍና ስንዴ የሚመጣው በመንገድ ነው። የሆነውም ይኸው ነው። መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ተኩስ አቁም ታወጀ፤ መጋቢት 23 ቀን ከሦስት ወር በላይ የቀረው የእህል መኪና መቀሌ ደረሰ። ነሐሴ 18 ቀን ጦርነቱ ሲያገረሽ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በኅዳር የመድኃኒትና የእህል መኪኖች ገቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደበኛ በረራም ታኅሣሥ 19 ቀን ተጀመረ።

እህቶች፣ ቤት የምናስተዳድር ሰዎች እህል የምንለካው በኩንታል ነው። እርዳታ ገባ ሲባልም ስንት አውሮፕላን አረፈ ብለን ብቻ አንለፈው። ስንት ኩንታል? ለስንት ቤተሰብ? ለስንት ቀን? መንገዱስ ተከፍቷል? ብለን እንጠይቅ።