ልብ ወለድና የአገር ኑሮ

ሰውንና ኑሮውን እንዳለ አድርጎ የመጻፍ ጥበብ ሪያሊዝም ተብሎ በፈረንሳይ አገር የገነነው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በአማርኛ ግን መንገዱ ቀስ በቀስ ተከፈተ።

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ነው። በርሱ የተነገረው የጦቢያ መከራ ልብን ይነካል፤ ዳሩ ግን ነገሩ የሆነበት አገርና ዘመን ግልጥ አይደለም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን ባወጡ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከሸዋ ወጥቶ በፓሪስ የተማረው አወቀ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚታገለው ከጦረኛ ጋር አይደለም፤ ከተዝካር ድግስ፣ ከጋብቻ ልማድና ከዘመድ ሐሜት ጋር ነው። ካህናትም ከነቀፋው አላመለጡም።

ነገር ግን ነቃፊው ከውጭ የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ ኅሩይ ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደጋቸው ሊቅ ነበሩና። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ የጎጃምን ገበሬ፣ የባላባቱን ቤትና የቆሎ ተማሪውን ኑሮ በቅርብ አውቀው ጻፉ።

እንግዲህ የገዛ ቤቱን ጕድለት የሚጽፍ ሁሉ ጠላት ተብሎ አይፈረድበትም። መስታወት ጕድፍን ያሳያል እንጂ አይፈጥርም፤ ፊቱን መታጠብ ግን የተመልካቹ ፈንታ ነው።