«ሄቪ ሜታል» የተባለው የካርቱን ፊልምና የተሰጠው ፍርድ

እኛ በጎዶማ ያለን ብዙዎቻችን ካርቱን ሲባል የልጆች ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የቀረበው «ሄቪ ሜታል» ግን ለአዋቂዎች ተብሎ የተሠራ ነበር። ጄራልድ ፖተርተን ያዘጋጀው ይህ የካናዳ ፊልም፣ በአሜሪካ ይታተም ከነበረው ስመ ሞክሼ መጽሔት የተወሰደ ነው። ታሪኮቹን ልዩ ልዩ ስቱዲዮዎች ስለ ሣሏቸው ሥዕሉ ወጥ አይደለም፤ የሚያያይዛቸው «የክፋት ሁሉ ድምር ነኝ» የሚል፣ አንዲት ልጃገረድ እያስፈራራ የሚተርክ አረንጓዴ ሉል ነው።

ሐያስያን ተከፋፈሉ። ሥዕሉንና የሮክ ሙዚቃውን ያደነቁ ነበሩ፤ ሌሎች ግን ደም የበዛበት፣ ሴቶችን ለወንድ ዓይን ማጥገቢያ ያደረገ የጎረምሳ ሕልም ነው ሲሉ ነቀፉት። በእኛ አስተያየት ነቀፋው እውነት አለው፤ በመጨረሻው ክፍል ሰይፍ ታጥቃ የምትዘምተው ጀግናዋ ታርና እንኳ የለበሰችው ለጦርነት የሚሆን ልብስ አይደለም!

ፊልሙ ግን አልተረሳም። በሙዚቃው ባለመብትነት ጉዳይ እስከ 1996 ድረስ በሕጋዊ መንገድ በቪዲዮ ባይወጣም፣ ወጣቶች በእኩለ ሌሊት ትርዒትና በድብቅ በተቀዳ ካሴት እየተቀባበሉ አዩት። ስለዚህ የታሪክ መምህር የጋዜጣውን ፍርድ ብቻ ይዞ ስለ ፊልሙ ቢያስተምር ግማሹን ምስክር ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው። በ2000 የወጣው ተከታይ ፊልም አንድ ወጥ ታሪክ ነበረው፤ ሐያስያን ከፊተኛው ይልቅ አብዝተው ነቀፉት።