እምኩሉ ላይ የታተመው ተረት

ደሴ የሚኖር አንድ ወንድም በደብተር የሰበሰበውን የወሎ ተረትና እንቆቅልሽ አሳይቶኝ፣ “መዝሙር አይደለ፣ ስብከት አይደለ፤ ከእኛ ሰው ማን ያትምልኛል?” አለኝ። የአስቴር ጋኖን ነገር አጫወትኩት።

በ1886 እ.ኤ.አ. አስቴርን ልትሸጥ ወደ ዓረብ አገር የሚወስዳትን ጀልባ የጣሊያን መርከቦች ያዙት። ነጻ ወጥታ በምፅዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነበረ። እርሱም ከባርነት የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ አዲስ ኪዳንን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ አስቴር መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ትርጉሙ የታረመው በዚያ ነው። በ1893 እዚያው ታተመ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አስቴር 500 ያህል የኦሮምኛ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈረች። በባርነት ተይዛ የነበረች ልጅ ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ መቆየቷ! ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀ መጽሐፍ ወጡ፤ አዲስ ኪዳኑ ከታተመ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ፊደሉም ይኸው የእኛው የግዕዝ ፊደል ነው።

ወንድሜ ደብተሩን እኔ ዘንድ ትቶ ሄዷል። ግማሹን አንብቤያለሁ፤ የጅቡን ተረት ሁለት ጊዜ ጽፎታል።